ሕፃን ሆድ ሲብሰው እንዴት ይጻፋል?

በበዓል ዋዜማ መርካቶ ሸማ ተራ የገባ ሰው መንገዱን የሚያገኘው በትከሻው ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ኩታው፣ የሐበሻ ቀሚሱ በግራና በቀኝ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። ሻጩ «ግቢ እናት፣ ማየት በነፃ ነው» ይላል፤ ገዢዋ ጥለቱን ትገለብጣለች፣ ክሩን በጣቷ ትፈትሻለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትታ ትሄዳለች፣ ትጠራለች፣ ትመለሳለች። ይህን ሁሉ እኛ አዋቂዎች የምናየው ከላይ ሆነን ነው። አሁን፣ ውድ አንባቢያን፣ ጥቂት ጎንበስ በሉና ገበያውን በአምስት ዓመት ልጅ ቁመት ተመልከቱት።

ከዚያ ቁመት ላይ ፊት አይታይም። የሚታየው ጉልበት፣ ጫማ፣ ዘንቢልና የነጠላ ጫፍ ነው። ነጠላው ሁሉ ነጭ ነው። ልጅቷ እናቷን ከሌላው ሰው የምትለየው በጥለቱ ቀለም ብቻ ነው፤ የእናቷ ጥለት አረንጓዴ ነው። እናት ለዋጋ ክርክር ስትል የልጅቷን እጅ ለቀቀች። ልጅቷ ለአንድ አፍታ ወደ ተሰቀለው ቀሚስ አንጋጠጠች። ዘወር ስትል አረንጓዴ ጥለት አየችና ጫፉን ጨብጣ ያዘች። ጥቂት እንደ ተራመደች ቀና አለች። የሌላ ሴት ፊት ነው።

ልጅ ይዞ መርካቶ የወጣ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። በልጅነቱ የጠፋም ያውቀዋል። ታዲያ ይህንኑ ታሪክ ለልጆች በሥዕል መጽሐፍ እንጻፈው ብንል ምን ብለን እንጽፋለን? አብዛኞቻችን ብዕር ስናነሣ ቶሎ የሚመጣልን «ልጅቷ እናቷን ባጣች ጊዜ በጣም ፈራች፤ በጣምም አዘነች» የሚለው ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የሚሰጠን የስሜቱን ስም ነው እንጂ ስሜቱን አይደለም። የአምስት ዓመት ሕፃን ደግሞ «አዘነች» የሚለውን ቃል ሰምቶ አያዝንም፤ የሚያዝነው ጨብጦ የያዘው ነጠላ የእናቱ ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለዚህ ለሕፃናት የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የስሜቱን ስም ወደ ጎን ትቶ ልጅቷ ያየችውን፣ የያዘችውን፣ የሰማችውን ነገር መፈለግ ነው።

ይህን ጉዳይ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ለደራስያን ብቻ ብለን አይደለም። ማታ ከሥራ ገብታችሁ ልጃችሁን ስታስተኙ ታሪክ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። መጽሐፍ ስትገዙም መራጮቹ እናንተ ናችሁ። አልፎ ተርፎም፣ ወደ በኋላ እንደምናየው፣ አራት ወረቀትና መርፌ ያላት እናት ራስዋ መጽሐፍ ልትሠራ ትችላለች።

እርግጥ ነው፣ ተረት ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። እርሳቸውን ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው ተረቱን የሚነግሩት በአፍ ብቻ አልነበረም፤ ድምፃቸው፣ ፊታቸውና እጃቸው ከአፋቸው ጋር አብሮ ይናገር ነበር። «አንበሳው ተቆጣ» ለማለት ድምፅን ማጎርነን ይበቃል። መጽሐፍ ግን ድምፅም ቅንድብም የለውም። በአፍ ሲነገር ተራኪው በፊቱ የሚሞላውን ነገር፣ በመጽሐፍ ላይ ሥዕሉና ቃሉ ተካፍለው መሙላት አለባቸው። ብዙዎቹ የልጆች መጻሕፍቶቻችን የሚደክሙት እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቃል ተረቱን እንዳለ ወረቀት ላይ አስፍረው፣ የተራኪውን ፊት ሳይተኩ ያልፋሉ።

ለምሳሌ የማሞ ቂሎን ተረት ውሰዱ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ፣ ሳንፍራንሲስኮ በሚገኝ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጥተው በመቆጨታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሥዕል መጽሐፍ አወጡ። በሚቀጥለው ዓመትም አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማሞ እናቱ ለትናንቱ ጉዳይ የመከረችውን ምክር ዛሬ ለሌላ ጉዳይ እያዋለ ነገሩን ሁሉ ያበላሻል። እኛም እንስቃለን። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከማሞ ጎን ሆናችሁ አስቡት። ይህ ልጅ አንድም ቀን አላመፀም። በየቀኑ የታዘዘውን ለመፈጸም ይጥራል፤ በየማታው ደግሞ «አንተ ሞኝ!» እየተባለ ይነገረዋል። ሲመሽ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ለእርሱ ምን ይመስለው ይሆን? ተረቱ ይህን አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም፤ ተግባሩ ማሳቅ ነውና። ሠዓሊ ግን ማሞን ከደጃፉ ውጭ ቆሞ፣ በሩን ከመግፋቱ በፊት መሬት መሬት ሲያይ ቢስለው፣ አንድም ቃል ሳይጨመር ሁለተኛ ታሪክ ይጀመራል።

ስሜትን በቃል መግለጽ ሲያስፈልግ ደግሞ አማርኛችን ባለጸጋ ነው። የእኛ ሰው ስሜቱን የሚያኖረው በሆዱ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድን ባር ባር ይላል። ይህ ለሕፃናት ጸሐፊ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ሕፃን ልጅ ፍርሃቱን የሚናገረው እንዲሁ በሆዱ ነው። ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል ልጅ ያላት እናት ይህን ልብ ትላለች። ልጁ አልዋሸም። ቃሉ ስለ ጠፋበት የሚያመውን ቦታ ጠቆመ። እንግዲያው «ፈራች» ከማለት «ሆዷን ባር ባር አላት» ማለት ለልጅ ይቀርባል። «ልቧ በሐዘን ጦር ተወጋ» የሚለውን ግን ለአዋቂ ግጥም ተዉት፤ ልጅ ጦሩን ፍለጋ ሥዕሉን ያገላብጣል።

ስሜት ደረጃ እንዳለውም ቋንቋችን ያውቃል። ቅር አላት፣ ከፋት፣ ሆድ ባሳት፣ ተንሰቀሰቀች፤ እነዚህ አራቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጅቷን ያስለቅሱና ለመጨረሻው የሚተርፍ እንባ ያጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብታችን ደግሞ «አለ» በሚለው ግስ የሚሠሩት ቃላት ናቸው። «ደነገጠች» ወሬ ነው፤ «ክው አለች» ግን ራሱ ድንጋጤ ነው። ኩርምት አለች፣ ጭው አለባት፣ ፈራ ፈራ አለች፣ ሽምቅቅ አለች። እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡና የልጁን ፊት ተመልከቱ። የሥዕል መጽሐፍ የሚጻፈው ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለአንባቢዋ እናት አፍም ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። በአማርኛ «ፈራች» ወይም «ፈራ» ካልን ባለታሪኩ ሴት ወይም ወንድ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። «ፈራሁ» ስንል ግን አይታወቅም። «እኔ» ብሎ የሚናገር ባለታሪክ ሴቱም ወንዱም ሊገባበት የሚችል ክፍት በር ነው። በተለይ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ «አለቀሰች» የሚለውን ሲሰማ የእህቱ ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ «አለቀስኩ» የሚለውን ሲሰማ ግን ማን እንዳለቀሰ ለራሱ ይወስናል። እርግጥ ሠዓሊው ልጁን ቀሚስ ካለበሰው ይህ ብልሃት ፈረሰ ማለት ነው፤ ሁለቱ አስቀድመው መመካከር አለባቸው።

የቃሉና የሥዕሉ የሥራ ክፍፍል እንዴት እንደሚሆን ከውጭ አገር ሁለት ምሳሌ ብንጠቅስ ይረዳል። ሞሪስ ሴንዳክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ስለ አውሬዎች አገር በሚናገረው መጽሐፉ፣ ማክስ የተባለ ልጅ ቤት ሲበጠብጥ ውሎ፣ እናቱን «እበላሻለሁ» በማለቱ ራት ሳይበላ ወደ መኝታው ይላካል። «ማክስ በጣም ተናደደ» የሚል ገጽ የለም። በምትኩ ሥዕሎቹ ከገጽ ገጽ እየሰፉ ይሄዳሉ። መጀመሪያ በነጭ ወረቀት መካከል እንደ ትንሽ መስኮት ነበሩ፤ ቁጣው እያደገ ሲሄድ ነጩን ጠርዝ እየበሉ ይመጡና፣ በመጨረሻ ሦስት ጥንድ ገጾች ያለ አንዳች ቃል በሥዕል ብቻ ይሞላሉ። ቁጣ ሲበርድ ሥዕሉ ተመልሶ ይቀንሳል። ልጁ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ራቱ ይጠብቀዋል፤ አልቀዘቀዘም። እናትየው «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለችም። ምግቡ ትኩስ ነው፤ በቃ።

ሌላው ዕዝራ ጃክ ኪትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው የበረዶ ቀን በተባለው መጽሐፉ ፒተር የተባለ ጥቁር ሕፃን በረዶ ሲጫወት ይውልና፣ ለነገ እንዲሆነው አንድ ድብልብል በረዶ ኪሱ ከትቶ ይገባል። ከመተኛቱ በፊት ኪሱን ሲያይ ባዶ ነው። ኪትስ እዚህ ላይ ልጁ ማዘኑን በግልጽ ቃል ይናገራል። እንግዲህ የስሜትን ስም መጥራት ፈጽሞ ክልክል ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ባዶው ኪስ ከቀደመ በኋላ ስሙ ሲመጣ፣ ልጁ ቀድሞ ለተሰማው ነገር ስም ይማራል። ስሙ ከቀደመ ግን ኪሱ ትርፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ሸማ ተራዋ ልጃችን እንመለስና መጽሐፉን በጋራ እናሰናዳው። በውጭ አገር የተለመደው የሥዕል መጽሐፍ 32 ገጽ ነው፤ ለእኛ 16 ይበቃናል። ነጭ ነጠላዎቹን አትሳሏቸው፤ ወረቀቱን ባዶውን ተዉትና ጥለቶቹን ብቻ ቀለም ቀቧቸው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅማ፣ በመካከላቸው አንድ አረንጓዴ። ፊት እንዳይኖር፤ ልጅቷ ፊት አታይምና። ቃሉም አጭር ይሁን፤ «የእናቴ ጥለት አረንጓዴ ነው» ይበቃል። በሚቀጥለው ገጽ እጇ ጥለቱን ይዟል። «ያዝኩት» ብቻ። እዚህ ላይ ገጹ ያልቃል። ድንጋጤው ገጹ ሲገለበጥ ነው የሚመጣው፤ ሲገለበጥ የመጀመሪያው ፊት ይታያል፤ ትልቅ፣ የማይታወቅ፣ ከላይ ወደ ታች የሚያይ። በዚህ ገጽ ላይ እኔ አንድም ቃል አልጽፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ጸሐፊው ቸኩሎ እናትን ያመጣና «አይዞሽ የኔ ልጅ» ያሰኛታል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ልጅቷ ጥቂት ገጽ ትጥፋ። ባዕዷ ሴት ልጅቷን አንሥታ በታጠፈ ጋቢ ክምር ላይ ታስቀምጣታለች፤ ሁለት ሦስቱ ሻጮች «የማን ልጅ ናት?» እያሉ ይጣራሉ። ልጅቷ ስሟን ስትጠየቅ ስሟ ይጠፋባታል። የልጅ ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ጮሆ ከማልቀስ ይልቅ ስምን መርሳት ይብሳል። ጋቢው ግን ለስላሳ ነው፤ የአዲስ ጥጥ ሽታ አለው። ፈርቶ ሳለ እጁ የሚነካውን ነገር ለስላሳነት የሚያስተውል ልጅ እውነተኛ ልጅ ነው። በአንድ ልብ ውስጥ ሁለት ስሜት ጎን ለጎን መቀመጡን ሕፃናት ያውቃሉ፤ እኛ ነን በአንድ ገጽ አንድ ስሜት ብቻ የምንፈቅደው።

እናት ስትመጣስ? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። የጠፋ ልጅዋን ያገኘች እናት መጀመሪያ ትቆጣለች። «የት ሄደሽ ነው! አልያዝሽኝም ወይ!» ብላ እጇን ታነሣለች፤ ከዚያ ደረቷ ላይ ትለጥፋታለች። አንዳንድ አሳታሚዎች ይህ ገጽ ለእናቶች መጥፎ አርአያ ይሆናል ብለው ሊቆርጡት ይፈልጉ ይሆናል። እኔ አልቆርጠውም። ቁጣውን ያየ ልጅ የሚያስጨንቀው «ስለ ጠፋሁ ጠላችኝ» የሚለው ነው። ስለዚህ ገጹ የእናትን እጅ ያሳየው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። «እናቴ ተቆጣችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።» በእነዚህ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ልጁ እናቱም መፍራቷን ራሱ ይደርስበታል። ከተነገረው ይልቅ የደረሰበት ይቀመጥለታል።

ስሜትን በዕቃ መግለጽ ከውጭ የመጣ ብልሃት አይደለም፤ ሸማ ተራ ራሱ የሚሸጠው ይህንኑ ነው። የእኛ እናቶች በደስታ ጊዜ ጥለቱን ወደ ታች ለቀው ይለብሳሉ። ሐዘን ሲሆን ይገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው «ማን ሞተብሽ?» ለማለት ቃል መጠበቅ አያስፈልገውም። ሕፃኑም እንዲሁ። አዋቂዎች ከልጅ ሸሽገው ሲንሾካሾኩ፣ ልጁ ጥለቱ መገልበጡን አይቶ አንድ ነገር መኖሩን አስቀድሞ አውቋል። ስለ ሞት ለልጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ከዚያ ቢጀምር መልካም ነው። «አያትህ ተኝታለች» ብሎ መጻፍ ግን አይበጅም፤ ልጁ ማታ መተኛት ይፈራል። «ጠበል ሄዳለች» ብንልም ከደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሞተችው ሞታለች ተብሎ ይነገረው፤ ሥዕሉ ደግሞ ማንም ያልተቀመጠበትን የእርስዋን ዱካ ያሳየው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በዚሁ በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ማታ ተነሥቶ ለሰዓታት ነደደ። ስንት ዓመት የተለፋበት ዕቃ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ነገሩ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ሲነገር የሰነበተው በአዋቂ ቋንቋ ነው። በየቤቱ ግን ያን ሰሞን እናቱን ከወትሮው በተለየ ፊት ያየ ልጅ ነበረ። ለእርሱ የተጻፈ መጽሐፍ እጄ አልገባም። ቢጻፍ ከእሳቱ ነበልባል እንዲጀምር አልመክርም፤ ነበልባል ሠዓሊን ያስደስታል እንጂ ለልጁ አይረዳውም። ከማግሥቱ ጠዋት ይጀምር። እናት እንደ ወትሮው በሌሊት ተነሥታለች፤ ነገር ግን አትሄድም። ቁርስ ሳይጣደፍ ይበላል። ልጁ እናቱ ቤት በመዋሏ ደስ ብሎታል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለበት። የሱቁ ቁልፍ በመቀነቷ ጫፍ እንደ ታሰረ ነው። ልጁ ቁልፉን ይይዝና «ይኸ የምንድን ነው አሁን?» ይላል። እዚህ ላይ ጸሐፊው እናቲቱን ምን ያሰኛታል? እኔ ብዙ አሰብኩበት፤ የሚያጽናና ንግግር ሁሉ ውሸት ውሸት ሸተተኝ። በመጨረሻ «ያዘው እስቲ፣ እንዳይጠፋ» ብትለው ይበቃል አልኩ። ልጁ የሚይዘው ነገር አገኘ።

መጽሐፉን በቤት ለመሥራት አራት ወረቀት ደርባችሁ መካከል ለመካከል እጠፉና እጥፉን በጥጥ ክር ስፉት፤ 16 ገጽ ይወጣዋል። ሥዕል አልችልም ብላችሁ አትፍሩ፤ ከላይ እንዳልነው ነጠላ ለመሳል ወረቀቱን መተው ነው። አስቸጋሪው የሚጻፈውን መቀነስ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥዕሉ የተናገረውን ከቃሉ ላይ ሰርዙ፤ ሥዕሉ ላይ እንባ ካለ «አለቀሰች» አያስፈልግም። ሥዕል የማይችለውን፣ ድምፅን፣ ሽታን፣ ሰዓትን፣ ለቃሉ ተዉለት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ስለዚህ ልጆች ከእናታችሁ አትራቁ» የሚል ምክር እጃችሁን ካሳከከው፣ መጽሐፉን ዘግታችሁ ለራሳችሁ ንገሩት።

የሸማ ተራዋን ታሪክ እንዲህ ሰፍቼ ለአንዲት የጎረቤት ሕፃን አንብቤላት ነበር። አንድ ነገር ሠርቼበት ነበር፤ ልጅቷ በጠፋችበት ገጽ ሁሉ፣ እርስዋ በማታይበት ጥግ ላይ፣ እናትየዋ ስትፈልግ የሚያሳይ የአረንጓዴ ጥለት ጫፍ ስያለሁ። ትንሽ ነው፣ እንደ ሣር ቅጠል። ለሕፃኗ አልነገርኳትም። የባዕዷ ሴት ፊት ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ገጹን ልገልጥ ስል እጄን ያዘችኝ። ጣቷን እየጎተተች ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸችና ጥግ ላይ ስትደርስ አቆመች።

«እቺውና» አለች። ከዚያ ለልጅቷ፣ ለወረቀቷ ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከኋላሽ ናት» አለቻት።